የወልደ ሐዋርያት ጥንድ ሸክላዎች

ይህን የምጽፈው አባቴ ወልደ ሐዋርያት ዳኘው እስከሞተበት ቀን ድረስ አእምሮው ሙሉ እንደነበረ በጽሑፍ እንዲገኝ ነው። ተቃራኒውን የሚል ሌላ ወረቀት አለ። ያንን ወረቀት ያስጻፍሁት እኔ ነኝ።

አባቴ በ1943 ዓ.ም. አንበሳሜ አጠገብ ተወለደ። ቀኑ አይታወቅም፤ እናቱ “የሐምሌ ሥላሴ ሰሞን” ትል ስለነበር እሱም ሲጠየቅ ያንኑ ይል ነበር። እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ዜማ ተማረ። ድጓውን ሳይጨርስ አባቱ ሞቱና ባሕር ዳር መጣ፤ በ1961 ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ። መጀመሪያ ማሽን ዘይት አጠጪ ነበር፤ ኋላ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ሆነ። በ2003 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አርባ ሁለት ዓመት ከዚያው አልተነቃነቀም።

ሸክላዎቹ የመጡት በቨርነር በኩል ነው። ቨርነር በ1966 ከአዳዲስ ማሽኖች ጋር የመጣ ፈረንጅ ማሽን ተካይ ነበር። አባቴ የሱን ቋንቋ አያውቅም፤ እሱም ያባቴን አያውቅም። ሁለት ዓመት ተኩል የተግባቡት በመፍቻ ቁጥር ነው፦ ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ዘጠኝ። ሰውየው በ1969 ሲሄድ ሻንጣው አልበቃ አለውና የሸክላ ማጫወቻውንና ሰባት ጥንድ ሸክላ ለአባቴ ትቶለት ሄደ። ጥንድ የምለው በአንድ ልባስ ውስጥ ሁለት ሸክላ፣ በድምሩ አራት ገጽ ያለውን ነው። ሰባቱም ሮክ የሚባለው፣ ጊታር የሚጮኽበት ሙዚቃ ናቸው። ሰባቱም ሕዝብ በተሰበሰበበት መድረክ ላይ የተቀረጹ ናቸው። አንድም በስቱዲዮ የተሠራ የለባቸውም። አባቴ ለምን እንደሆነ በእጁ ምልክት ጠይቆት ነበር። ቨርነር መልስ የሰጠው በክፍሉ ውስጥ ወዳለው ባዶ ወንበር በጣቱ በማሳየት ነው።

አባቴ ዘፈኑን አልወደደውም፤ ይህን ሁልጊዜ ይናገር ነበር። የወደደው ሰዎቹን ነው፦ የሚያጨበጭቡትን፣ የሚያፏጩትን፣ ጸጥ ሲባል የሚያስሉትን። “ማሕሌት ላይ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል” ይል ነበር። “ተቀባይ የሌለው መሪ ግድግዳ ላይ የሚጮኽ ሰው ነው።” የሸክላዎቹን ስም ማንበብ ስለማይችል በራሱ ስም ጠራቸው። “ሳሉ” የሚለው አንድ ሰው በጸጥታው መሃል የሚያስልበትን ነበር። “ዝናቡ” ጭብጨባው እንደ ሐምሌ ዝናብ የሚወርድበት ነው። ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ግን “ጀርባው” ነው። ልባሱ ላይ ያለው ሥዕል ከመድረኩ በስተኋላ የተነሣ ነው፤ የዘፋኞቹ ጀርባና የሕዝቡ ፊት ይታያል። አባቴ በማጉያ መነጽር ፊቶቹን አንድ በአንድ ያያቸው ነበር። ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ ድረስ ቆጥሯል። ከዚያ በኋላ ያሉት ይደበዝዛሉ።

በ1970 የቀበሌ ጥበቃዎች ያልተፈቀደ ስብሰባ አለ ብለው ዓባይ ማዶ ያለውን ቤታችንን ከበቡት። በሩን በርግደው ሲገቡ አባቴ ብቻውን ሻይ ይጠጣል።

“ተሰብሳቢው የት አለ?” አለ አንደኛው።

“እዚህ ውስጥ ነው” አለና ሸክላውን አሳየው።

ጠመንጃ የያዘው ሰው እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ አዳመጠና “እነዚህ ሁሉ ሰዎች ማንን ነው የሚደግፉት?” ብሎ ጠየቀ ይባላል። ይህን የነገረችኝ እናቴ እናትዓለም ናት። አባቴ ስለዚህ ቀን ሲወራ ሳቁን ይውጥ ነበር እንጂ አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትምም።

የሸክላው ሁለተኛ ወዳጅ ጋሽ ሙሀመድየሱፍ ናቸው። የወረታ ነጋዴ ልጅ ሆነው ንግዱን ትተው ገበያው አጠገብ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ማጫወቻውን ሃምሳ ዓመት ያህል በሕይወት ያቆዩት እሳቸው ናቸው። በየእሑዱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይመጣሉ፤ አንድ ጥንድ ሸክላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል።

“ወልዴ፣ ያ የሚያፏጨው ሰውዬ ዛሬም አፏጨ!” ይላሉ።

“አምና ከልክለኸው ነበር እንዴ?” ይላል አባቴ።

“ይኼኔኮ ሽማግሌ ሆኗል። ጥርስ ከሌለው ማፏጨት አይችልም።”

እናቴ ከጓዳ ሆና “እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቆመው ያጨበጭባሉ!” ትላለች። ሁለቱም ቀጣዩን ጭብጨባ ይጠብቃሉ። ሸክላ እየዞረ መናገር የሚፈቀደው በጭብጨባው ላይ ብቻ ነበር።

ደንቡ ይህ ነበር፦ ከመሃል አይጀመርም፣ አይዘለልም፣ ሳያልቅ አይነሣም። በልጅነቴ ከ“ጀርባው” ሦስተኛ ገጽ ላይ አንዲት ጊታር ብቻዋን የምትጫወትበትን ቦታ ወድጄ ያንን ብቻ እንዲያሰማኝ ለመንሁት። “ኪዲ፣ ቅዳሴ ከመሃል አይጀመርም” አለኝ። ተቀይሜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ሸክላ ከአባቴ ጋር ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አልሰማሁም። ይህን የምጽፈው ለኋላው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

በጥቅምት 2016 አባቴ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶበት ግራ እጁና ግራ እግሩ ሰነፉ። ንግግሩ ዘገየ እንጂ አልተበላሸም። ከጓዳው አልጋ ሊነሣ አልቻለም፤ ቀኝ እጁም ስለሚንቀጠቀጥ መርፌውን ሸክላው ላይ ማሳረፍ አይሆንለትም። ጋሽ ሙሀመድየሱፍ በክረምቱ ልጃቸውን ዘይነትን ሊጠይቁ ወረታ ሄደው በግጭቱ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀርተዋል። ስልክም አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን አይሠራም። እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን አባቴ ፊቱን ወደ ሳሎኑ አዙሮ ይተኛ ነበር።

እኔ በከተማው ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የተማሪዎች መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። የተማርሁትም የሰነድ አያያዝ ነው። ሸክላዎቹን ወደ ፍላሽ ገልብጬ በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰማ ለማድረግ ወሰንሁ። ከሥራ ቦታዬ ኮምፒውተር ተውሼ፣ ሽቦውን አገናኝቼ፣ ሳሎን ውስጥ ዐሥራ አንድ ቀን ሠራሁ። መጀመሪያ ግን እንደ ልማዴ መዝገብ ከፈትሁ፦ ሰባት ልባስ፣ ዐሥራ አራት ሸክላ፣ ሃያ ስምንት ገጽ።

በሸክላዎቹ መሃል ላይ የነበረውን ጽሑፍ የጣና እርጥበትና ሻጋታ ከበላው ቆይቷል። አባቴ በላዩ ላይ ክብ ወረቀት ለጥፎ የገጹን ቁጥር በግእዝ ጽፏል። በሦስቱ ጥንዶች አንደኛው ሸክላ ፩ እና ፪ ይላል፤ ሁለተኛው ፫ እና ፬። በቀሩት አራት ጥንዶች ግን፣ “ጀርባው” ጭምር፣ አንደኛው ሸክላ በፊቱ ፩ በኋላው ፬ ይላል፤ ሌላኛው ፪ እና ፫።

ስሕተት ነው ብዬ ደመደምሁ። እኔ በወረቀት ነው ያደግሁት። የአንድ ቅጠል ጀርባ የሚነበበው ከፊቱ ቀጥሎ ነው፤ ሌሎች ቅጠሎች መሃል ገብተው ጀርባው መጨረሻ ላይ የሚነበብ መዝገብ አይቼ አላውቅም። ሦስቱ ትክክል ከሆኑ አራቱ የተሳሳቱ ናቸው። ወረቀቶቹን ሲለጥፍ ተምታቶበት ይሆናል፣ ምናልባትም ሕመሙ ያኔ ጀምሮት ይሆናል ብዬም አሰብሁ። እያንዳንዱን ሸክላ ፊቱን፣ ቀጥሎ ጀርባውን እያደረግሁ ቀዳሁ። መዝገቡ ላይም እንዲህ ጻፍሁ፦ “ቁጥሮቹ በባለቤቱ በስሕተት የተለጠፉ፤ ተስተካክሏል።” ፈረምሁበት፤ ቀን ጻፍሁበት።

ልጠይቀው እችል ነበር። ከሳሎኑ እስከ አልጋው ስምንት እርምጃ ነው። ስቀዳም ድምፁን ዘግቼ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የሚወጣ የሚወርደውን መስመር ብቻ ነበር የማየው።

ኅዳር 9 ቀን እሑድ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለትና “ጀርባው”ን ከፈትሁለት። ዐይኑን ጨፈነ። የቀኝ እጁ ጣት ብርድ ልብሱ ላይ ትመታ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ሲሆነው ጣቱ ቆመ።

“ኪዲ፣ ሰዎቹ ሄዱ።”

“የት ሄዱ አባዬ?”

“ወጡ። ዘፋኙ ተሰናበተ፣ ሰዎቹ አጨብጭበው ወጡ። አሁን ግን እንደገና ከበሮ ይመታል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ።”

“ትንሽ ሸለብ አድርጎህ ይሆናል።”

“አልተኛሁም።”

ሄጄ አጣራሁ። አራት ፋይል አለ፤ አራቱም ሙሉ ናቸው። ደቂቃውን ደመርሁት፤ ከሸክላው ጋር ይገጥማል። ተመልሼ፣ ቅጂው አልቆ ማዳመጫውን ሳወልቅለት ነገርሁት። “አንድም የጎደለ የለም አባዬ። ቆጥሬዋለሁ።”

“ጎደለ አላልሁም” አለ። “ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው የሚጫወቱት አልሁ። መጨረሻውም ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆረጣል።”

በሚቀጥለው እሑድ “ዝናቡ”ን ከፈትሁለት፤ ያንኑ አለ። በሦስተኛው እሑድ “ሳሉ”ን ከፈትሁለት። “ሳሉ” ከሦስቱ ትክክለኞች አንዱ ነበር፤ ምንም አላለም። ይህም ልቤን አላነቃውም። አንዳንድ ቀን ደህና ነው፣ አንዳንድ ቀን ይምታታበታል ብዬ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከነሰዓቱ መዘገብሁት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስጽፍ አየችኝ።

“ሰውየው ደህና ነው” አለች። “አንቺ ነሽ የምትጽፊበት።”

“ለሐኪሙ ነው እማዬ።”

“ሐኪሙ ራሱ ይይ። ዐይን የለውም?”

ታኅሣሥ 4 ቀን ክሊኒክ ወሰድሁት። ሐኪሙ ጥሩ ወጣት ነበር፤ አልቸኮለም። አባቴን ስሙን፣ ቀኑን፣ ከተማውን ጠየቀው፤ ሁሉንም በትክክል መለሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“ቤት ውስጥ የነገሮችን ቅደም ተከተል ያምታታሉ?”

“አዎ” አልሁና ደብተሩን ሰጠሁት። ሦስት እሑድ፣ ከነሰዓቱ። ሐኪሙ እያነበበ ራሱን ነቀነቀ። “እንደዚህ አድርጎ የሚይዝልን ቤተሰብ አናገኝም” አለኝ። ደስ አለኝ። ካርዱ ላይ “እንደ ልጃቸው ገለጻ የነገሮችን ቅደም ተከተል ያምታታሉ” ብሎ ሲጽፍ አባቴ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ወደኔ ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሸክላ አልጠየቀም። ማዳመጫውን ሳመጣለት “ተዪው ልጄ፣ አሁን እኔን አያዋጣኝም” አለ። ሌላም ነገር ጀመረ። “ኪዲ፣ ቁርስ በልቻለሁ?” ይላል፤ በልቷል፣ መብላቱንም ያውቃል። “እናትሽ አሁን ነው የወጣችው ወይስ ትላንት?” ይላል። የሚያውቀውን ሁሉ ከመናገሩ በፊት እኔን ያስፈቅድ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት ማሽን በድምፁ ብቻ የትኛው ጥርስ እንደተበላ የሚለይ ሰው፣ ቁርስ ስለመብላቱ ምስክር ፈለገ።

በጥር ንስሐ አባቱ ቄስ ፍሬ ስብሐት መጡ። እናቴና እኔ ልንወጣ ስንል አባቴ “ኪዲ ትቅር” አለ።

“ኑዛዜ ላይ ሌላ ሰው አይቀርም፣ ወልደ ሐዋርያት” አሉት።

“እኔ ቅደም ተከተል ይጠፋብኛል አባቴ። ኀጢአቴን አምታትቼ እንዳልነግርዎት ብዬ ነው። እሷ ታርመኛለች።”

ቄሱ እጁን ያዙት። “እግዚአብሔር ቅደም ተከተል አይፈልግም።”

“እኔ እፈልጋለሁ” አለ። ወጣሁ። ሳሎን ከሸክላዎቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ቄሱ ሲወጡ መስቀል አሳለሙኝና ሄዱ።

አባቴ የካቲት 11 ቀን ጠዋት ሞተ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ እንደ ሐምሌ ሥላሴው አቆጣጠር ከሆነ።

አርባው መጋቢት 20 ቀን ዋለ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ጸሎት እንጂ ድግስ አልተደረገም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ሙሀመድየሱፍ ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ መጡ። መንገድ የተከፈተው በዚያ ሳምንት ነው። እሳቸውም ረመዳን ላይ ስለነበሩ ጾመኛ በጾመኛ ቤት ባዶ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። መሐረባቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሲበቃቸው ተነሥተው የማጫወቻውን ክዳን ከፈቱ።

“ቅር ካላላችሁ ያን ‘ጀርባው’ የሚለውን ልስማው። ቀብሩ ላይ እንኳ አልደረስሁም።”

“ምን ቅር ይለናል፣ የናንተው ነው” አለች እናቴ።

አንደኛውን ገጽ እስኪያልቅ ሰማን። ጋሽ ሙሀመድየሱፍ መርፌውን አነሡና ሸክላውን ሳይገለብጡት አውጥተው ሌላኛውን ሸክላ አስቀመጡ።

“ጋሼ፣ መገልበጡን ረሱት” አልሁ።

“የምን መገልበጥ?”

“ጀርባው ይቀራል።”

“የሱ ጀርባማ አራተኛው ነው።” ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። “አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት አይደለም እንዴ ያደግሽው?”

“ሸክላ ፊቱና ጀርባው ይከታተላል እንጂ…”

ከመደርደሪያው ሁለት ሳህን አምጥተው አነባበሯቸው። “ይኼ ማጫወቻ መሃሉ ላይ ረጅም ዘንግ ነበረው፤ በ1979 ተሰበረና አወጣሁት። ሁለቱንም ሸክላ ዘንጉ ላይ ትሰቅያለሽ። አንዱ ይወርድና ገጽ አንድን ይጫወታል። ሲያልቅ ሁለተኛው በላዩ ይወርዳል፤ ገጽ ሁለት። አንቺ ከወንበርሽ አልተነሣሽም። አሁን ሁለቱን እንደተነባበሩ ገልብጪ።” ሳህኖቹን ገለበጧቸው። “ታች የሆነው የትኛው ነው? ሁለተኛው። ቀድሞ የሚወርደውም እሱ ነው፤ ገጽ ሦስት። በመጨረሻ አንደኛው በላዩ ይወርዳል፤ ገጽ አራት። አንድና አራት በአንድ ሸክላ፣ ሁለትና ሦስት በአንድ ሸክላ። ሁሉም ሸክላ እንደዚያ አይደለም፤ ከወልዴ ሰባት አራቱ እንደዚያ ናቸው። ዘንጉ ከተሰበረ በኋላ በእጃችን እናቀያይር ነበር። እሱ ነው ቁጥሩን የለጠፈው፣ እንዳንሳሳት።”

ሁለተኛውን ገጽ ሰማን፤ ከበሮው ብቻውን የሚመታበት ነው። ሦስተኛውን ሰማን፤ ያቺ ጊታር ብቻዋን ተጫወተች፤ ሰውየውም አፏጨ፤ ጋሽ ሙሀመድየሱፍም “አለህ አንተ!” አሉት። ገጹ ሲያልቅ ዘፈኑ መሃል ላይ ተቆረጠ፣ ልክ አባቴ እንዳለው። ከዚያ የመጀመሪያው ሸክላ በጀርባው ተመለሰ። ዘፈኑ ከተቆረጠበት ቀጠለና አለቀ። ዘፋኙ ተሰናበተ። ሰዎቹ ለረጅም ጊዜ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳሳ፣ ወንበር ተጎተተ፣ አንዲት ሴት በሩቅ ሳቀች፣ መርፌው ባዶው ላይ መሽከርከር ጀመረ።

“አየሽ፣ ወልዴ ይቺን ወንበር ሳይሰማ መርፌ አያነሣም ነበር” አሉ። “ታሞ ሳለ ሰማው?”

“ሰማው” አልሁ።

“እስከ መጨረሻው?”

እናቴ አየችኝ። ያን ጊዜ ነገርኋቸው፤ ፍላሹን፣ መዝገቡን፣ ደብተሩን፣ ክሊኒኩን። ጋሽ ሙሀመድየሱፍ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው መለሱ። ሲወጡ በሩ ላይ “እንድትጠይቂው እኮ ይወድ ነበር” አሉኝ።

ሰኞ ክሊኒኩ ሄድሁ። ሐኪሙ ተዛውሯል። የካርድ ክፍሏ ልጅ የአባቴን ካርድ አወጣችልኝ። ጽሑፉ እንዳለ ነው፦ “እንደ ልጃቸው ገለጻ።”

“ይህ እንዲታረም ነው” አልኋት። “ገለጻው ስሕተት ነበር። የገለጽሁት እኔ ነኝ።”

“ሰውየው የት ናቸው?”

“ሞቷል።”

“ነፍስ ይማር። ለፍርድ ቤት ነው? ለውርስ?”

“ለምንም አይደለም።”

ካርዱን ገለጥ አድርጋ ዐየችውና ወዳወጣችበት ሣጥን ተመለከተች። “እኅቴ፣ የሞተ ሰው ካርድ ይዘጋል እንጂ አይታረምም። ደንቡ ነው።”

ደንቡን አውቀዋለሁ። እኔም በሥራ ቦታዬ የዘጋሁትን መዝገብ ሊያሳርሙ ለሚመጡ ሰዎች፣ ዐይናቸው እያለቀሰ እንኳ ቢሆን፣ ይህንኑ ነው የምነግራቸው። ካርዱን ከፊቴ ወስዳ ወደ ቦታው መለሰችው። ከቁጥሩ ቅደም ተከተል ሳታዛንፍ፣ በትክክል።